የአባ ሳሙኤል «1932» የማን 1932 ነው? ስለ ጥንቶቹ የውሃ መብራት ቤቶች እናውራ

የበሬሳ ልጅ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የአክስቴ ልጅ ለክፍል ሥራዋ ስለ መጀመሪያዎቹ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ጽሑፍ አዘጋጅታ ነበር። «አባ ሳሙኤል እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1932 በጣሊያኖች ተሠራ» ብላ ጻፈች። መምህሯ በቀይ አሰመሩበት። ልጅቷ አለቀሰች። ኢንተርኔት ላይ ደጋግማ ያገኘችው እንደዛ ነው፤ አልፈጠረችውም።

መምህሯ ግን ልክ ናቸው። ጣሊያን ወረራውን የጀመረው በመስከረም 1928 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ የገባው በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን። በፈረንጅ 1932 ማለት እኮ በእኛ 1924 ወይም 1925 ነው። ያኔ በአቃቂ ወንዝ ላይ ግድብ የሚሠራ የጣሊያን አስተዳደር ከየት ይመጣል? ነገሩ እንዲህ ነው። 1932 የኛ ነው። በፈረንጅ 1939 እና 40 ላይ ይውላል። አንድ ሰው የኛን ቁጥር ሳይቀይር ወደ እንግሊዝኛ ጽሑፍ ወሰደው። ሌላው ከሱ ገለበጠ። አሁን ቁጥሩ ተመልሶ መጥቶ የኛኑ ልጆች ያሳስታል።

ይህን ላጣራ ስገባ ግን ሌላ ነገር ያዘኝ፤ የማመንጫ ቤቱ ራሱ። የአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ማመንጫ የሚባለው አባ ሳሙኤል ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በአቃቂ ወንዝ ላይ ነው። ኃይሉ 6.6 ሜጋ ዋት ነው። ዛሬ ትንሽ ይመስላል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ይህ ማለት ወደ 780 አባ ሳሙኤሎች። ግን ለዚያን ጊዜዋ አዲስ አበባ ትልቅ ነገር ነበር። በኋላ ማሽኖቹ ቆሙ፤ ለአሥርተ ዓመታት ሳይሠራ ቀረ። በቻይና መንግሥት እርዳታ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. እንደገና መብራት መስጠት ጀመረ።

እናንተ ምን ታውቃላችሁ? በተለይ አንድ ጥያቄ አለኝ። የድሮ ማመንጫ ቤቶችን ፎቶ ስታዩ ለምንድነው ቤተ ክርስቲያን ወይም ቤተ መንግሥት የሚመስሉት? ማሽን ለማኖር ያን ያህል ረጅም መስኮት ምን ይሠራል?

---

አንኮበሬው (አንኮበር)

የበሬሳ ልጅ፣ ስለ ዘመኑ ልክ ነህ። «የመጀመሪያው» ላይ ግን አልስማማም። ከአባ ሳሙኤል በፊት በዚያው በአቃቂ ወንዝ ላይ በምኒልክ ዘመን የተሠራ የውሃ ማመንጫ ነበረ። በ1904 ዓ.ም. ገደማ፣ በፈረንጅ 1912 ማለት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለተከፈቱት ትንንሽ ፋብሪካዎች ኃይል እንዲሰጥ የተሠራ ነው። ከዚያ በፊት ቤተ መንግሥቱ በጄኔሬተር መብራት ያገኘው በ1890 ዓ.ም. ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ በ1904 በጠና ታመው አልጋ ላይ ነበሩ። ሥራው ግን የጀመሩት ነገር ውጤት ነው። እሳቸውን ያሳደገ አገር ሰው ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። አንጎለላ ተወልደው፣ ከዚህ ከአንኮበር ነው ወደ እንጦጦ የወጡት።

ሌላም ልጨምር። በአያታቸው በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንድ የውጭ አገር ባለሙያ በኛ በኩል የውሃ ወፍጮ ሠርቶ ነበር። ካህናቱ «የሰይጣን ሥራ ነው» አሉ። ወፍጮው ቆመ። ከዚያ እስከ አቃቂው ማመንጫ ድረስ አንድ ሰባ ዓመት ቢሆን ነው። በሦስት ትውልድ ውስጥ፣ በዚያው ቤተሰብ፣ ውሃ ድንጋይ እንዳያዞር ከከለከለ አገር ተነስቶ በውሃ መብራት ወደማብራት መድረስ ለኔ ተአምር ነው።

---

የበሬሳ ልጅ

አንኮበሬው፣ አመሰግናለሁ። ተቀብያለሁ። «የመጀመሪያው» የሚለውን ከአባ ሳሙኤል ላይ አንስቻለሁ። «ከጥንቶቹ ውስጥ ዛሬም የሚሠራው» ብንል ይሻላል። የወፍጮውን ነገር ግን ጭራሽ አላውቅም ነበር።

---

መምህር ከሞላሌ (መንዝ)

ልጆች፣ ጥያቄያችሁ ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ህሊናዬ አይፈቅድም።

አባ ሳሙኤል የሚገነባው በየትኛው ዓመት ነበር? በ1931 እና በ1932። በሚያዝያ 1931 እዚህ መንዝ ውስጥ፣ ዘረት በሚባለው ቦታ፣ አመጸኛ ዋሻ ውስጥ የተጠለሉ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው በመርዝ ጋዝ ተጨረሱ። ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ሕፃናት ነበሩበት። የሞቱት በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ያ ዋሻና ያ ግድብ በአንድ መንግሥት ትእዛዝ፣ በአንድ ወቅት የሆኑ ነገሮች ናቸው። አንዱን በፎቶ እያደነቅን ሌላውን አንርሳ።

አዲስ አበባ ላይም ቢሆን የጣሊያን ዕቅድ ነጩን ሰፈርና የአገሬውን ሰፈር የሚለይ ነበር። መርካቶ ወደ አሁኑ ቦታው የሄደው ያኔ ነው። እንግዲህ ያ 6.6 ሜጋ ዋት ለማን ታስቦ እንደተሠራ አስቡት። ተማሪዎቼን ስለ ግድቡ ሳስተምር የሁለቱን ዓመተ ምሕረት ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ።

---

ጣርማበር ጭጋግ (ደብረ ሲና)

መምህር፣ ቃልዎ ከበደኝ። የአባቴ አጎት በዚያ በኩል ነው የቀሩት። ስለዚህ ይገባኛል።

ግን እኔ በየሳምንቱ በጣርማበር ዋሻ ውስጥ አልፋለሁ። እሱም የዚያን ዘመን ሥራ ነው። ከ580 ሜትር በላይ ርዝመት አለው፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ። ያ ዋሻ የተቆፈረው ጦርና ስንቅ ለማሳለፍ ነው። ዛሬ ግን የኛ በርበሬ፣ የኛ ማሽላ፣ የኛ ታማሚ ነው የሚያልፍበት። ድንጋዩን የፈለጡት እጆች የነማን ነበሩ ብሎ መጠየቅም አለ። ሠሪው ጠላት ነው ብዬ መንገዱን ልተወው አልችልም። የሆነውን ግን ለልጄ በዋሻው ባለፍን ቁጥር እነግራታለሁ።

---

መምህር ከሞላሌ

ጣርማበር፣ ያልኩት ያንኑ ነው። ተጠቀሙበት፤ ስትጠቀሙ ግን ንገሩ። ነፍስ ይማር ለአጎትህ።

የቆቃን ነገር ደግሞ ልጨምርላችሁ። በ1947 እንደ ፈረንጅ በተፈረመው የፓሪስ የሰላም ውል ጣሊያን ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ተወሰነ። ገንዘቡ ሲጎተት ቆየ። በመጨረሻ ከዚያ ካሣ ነው በአዋሽ ላይ የቆቃ ግድብ የተሠራው። በ1952 ዓ.ም. 43.2 ሜጋ ዋት ይዞ ሥራ ጀመረ። እና አባ ሳሙኤልን «የወራሪው ማመንጫ»፣ ቆቃን «የካሣው ማመንጫ» እያልኩ ነው የማስተምረው። ተማሪዎቹ አይረሱትም።

---

ባለ ፌዙ (ሸዋ ሮቢት)

የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። የበሬሳ ልጅ ስለ መስኮቱ ላነሳው ጥያቄ የሚመልስ ሰው ስላላየሁ ገባሁ። ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሱኝ።

የውሃ ማመንጫን ማንበብ ከፈለጋችሁ ከቤቱ አትጀምሩ። ከውሃው ጀምሩ። ውሃ ኃይል የሚሰጠው በሁለት ነገር ነው፤ በብዛቱና በሚወድቅበት ከፍታ። ሂሳቡ ቀላል ነው። በሴኮንድ የሚመጣውን ውሃ በሜትር ኩብ ያዙ፣ ከፍታውን በሜትር አባዙበት፣ ከዚያ በ9.81 አባዙት። የሚመጣው ቁጥር ኪሎ ዋት ነው። በሴኮንድ 1 ሜትር ኩብ ውሃ 100 ሜትር ቢወድቅ 981 ኪሎ ዋት ይሆናል። በማሽንና በቧንቧ የሚባክነው ሲቀነስ ወደ 800 ይተርፋል።

እንግዲህ ንድፍ የሚያወጣው ሰው ጭንቀቱ ያቺን ከፍታ አለማባከን ነው። ግድቡ ውሃውን ይይዛል። ቦዩ ከግድቡ ተነስቶ በተራራው ወገብ ላይ እምብዛም ሳይወርድ ይሄዳል። ወንዙ በሸለቆው ቶሎ ቶሎ ይወርዳል፤ ቦዩ እላይ ይቀራል። ልዩነቱ በሄደ ቁጥር ይሰፋል። ቦዩ መጨረሻ ላይ ገንዳ አለ። እዚያ ውሃው ይረጋል፣ አሸዋው ይወርዳል፣ ቅጠልና እንጨት በብረት ወንፊት ይያዛል። ከገንዳው ፔንስቶክ የሚሉት ወፍራም የብረት ቧንቧ ወደ ታች ይወርዳል። የቧንቧው ብረት እላይ ስስ፣ እታች ወፍራም ነው። ምክንያቱም በየ10 ሜትሩ በእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ካሬ ላይ የአንድ ኪሎ ያህል ግፊት ይጨመራል።

ቤቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ረጅም የሆነው ማሽኖቹ በአንድ መስመር ስለሚሰለፉ ነው። ጣሪያው ከፍ ያለው ከላይ በሐዲድ የሚሄድ ክሬን ስላለ ነው። ጄኔሬተር ሲበላሽ ሆዱ ውስጥ ያለው ከባድ ክፍል ተነስቶ፣ በሌሎቹ ማሽኖች አናት ላይ አልፎ፣ ወደ በሩ መምጣት አለበት። ግድግዳው ወፍራም የሆነው የክሬኑን ሐዲድ ስለሚሸከም ነው። በየመሃሉ የምታዩት ግንብ ዓምድ ለጌጥ አይደለም፤ ሐዲዱ እሱ ላይ ነው ያረፈው። መስኮቱ ደግሞ በዓምዶቹ መሃል ያለው ባዶ ቦታ ነው። ክብደት ስለሌለበት እስከ ላይ መክፈት ይቻላል። ብርሃን ያስገባል፤ ማሽኑ የሚተፋውን ሙቀት ያስወጣል። ወለሉ ከክረምት ጎርፍ በላይ ይሆናል። ከሥሩ ውሃው ሥራውን ጨርሶ ወደ ወንዙ የሚመለስበት ዋሻ አለ። ረጅም አዳራሽ፣ የዓምድ መደዳ፣ ከፍ ያለ መስኮት! በቃ ቤተ ክርስቲያን መሰለ።

መምሰሉን የወደዱትም አሉ። አሜሪካ ናያጋራ ፏፏቴ አጠገብ ያለው የአዳምስ ማመንጫ በ1895 እንደ ፈረንጅ ነው ሥራ የጀመረው። ከዓድዋ ድል ስድስት ወር ገደማ ቀድሞ ማለት ነው። የድንጋይ ቤቱን የነደፈው ስታንፎርድ ዋይት ነው፤ በዘመኑ የታወቀ አርክቴክት። ውስጡ እያንዳንዳቸው 5,000 የፈረስ ጉልበት ያላቸው አሥር ጄኔሬተሮች ነበሩ። ተርባይኖቹ ከቤቱ ሥር 50 ሜትር በሚያልፍ ጉድጓድ ውስጥ ናቸው፤ ጄኔሬተሩ እላይ ወለሉ ላይ። በሁለቱ መሃል ቀጥ ብሎ የቆመ ረጅም ዘንግ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሳስብ ልቤ ይመታል። በኅዳር 1896 ኃይሉ ባፋሎ ከተማ ደረሰ። ኤሌክትሪክ ርቆ ሊሄድ እንደሚችል ዓለም ያመነው ያኔ ነው።

ጣሊያን ውስጥ ደግሞ በአዳ ወንዝ ላይ፣ ትሬዞ በሚባል ከተማ፣ በ1906 የተሠራ አለ። ጋኤታኖ ሞሬቲ የሚባል አርክቴክት ነው የነደፈው። ከበላዩ የድሮ ግንብ ፍርስራሽ ስላለ ቤቱን ከዚያው አካባቢ ድንጋይ ሠራው። ከሩቅ ሲታይ ከገደሉ የበቀለ ይመስላል። ዛሬም ይሠራል። ወደኛ የመጡት መሐንዲሶች ያደጉት እንዲህ ያሉ ቤቶች እያዩ ነው።

---

ጣርማበር ጭጋግ

ባለ ፌዙ፣ ይህንን ነው ስፈልግ የነበረው። እድሜ ይስጥህ። አንድ ጥያቄ ልጨምር። ከጣርማበር እስከ እናንተ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,800 ሜትር ቁልቁለት አለ። ከፍታ ነው ወሳኙ ካልክ ለምን የጥንቱ ማመንጫ እዚህ አልተሠራም? አቃቂ ምን ከፍታ አለው?

---

ባለ ፌዙ

ጥሩ ጥያቄ ነው። የኛ ገደል ከፍታ አለው፤ ውሃው ግን ከጥር በኋላ የለም። ክረምት ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል፣ በጋ ደግሞ ልጆች በእግራቸው ይሻገሩታል። ማሽን ሦስት ወር ሠርቶ ዘጠኝ ወር ቢቆም አያዋጣም። ግድብ ልሥራ ብትል ገደል ላይ ውሃ የሚተኛበት ሜዳ የለም። አባ ሳሙኤል ላይ ወንዙ መጀመሪያ ሜዳ አለው፣ ከዚያ ይወርዳል። ክረምቱን ሜዳው ላይ አስተኝተህ በጋ ትጠቀምበታለህ።

ሁለተኛው ነገር ተጠቃሚው ነው። መብራት የሚፈልገው አዲስ አበባ ነበር። አቃቂ ቅርብ ነው። በዚያን ጊዜ ከደብረ ሲና እስከዚያ ምሰሶ መትከል ማን ይደፍራል? ያውም አርበኛ በሞላበት አገር!

---

እትዬ ገብስ (ደነባ)

ልጆቼ፣ እናንተ ስትጽፉ እያነበብኩ ዋልኩ። እኔ ስለ ማሽን አላውቅም። ስለ «መብራት ኃይል» መሥሪያ ቤት ግን ትንሽ አለኝ። ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና እዚያ ሠርቷል። ድሮ «የጠላት ንብረት» ይባል ነበር ይለኝ ነበር። ምን ማለት ነው እለው ነበር። ጣሊያን ጥሎት የሄደው ነው ይለኛል።

---

አንኮበሬው

እትዬ፣ ባለቤትዎ ልክ ናቸው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ የኤሌክትሪኩን ሥራ የተረከበው የጠላት ንብረት አስተዳደር ነው። በ1940 ዓ.ም. «የሸዋ ኤሌክትሪክ ኃይል» የሚል ድርጅት ሆነ። በየካቲት 1948 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ ታውጆ «የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን» ተባለ። «መብራት ኃይል» የምንለው ከዚያ የቀረ ነው። ስሙ ብዙ ጊዜ ተቀይሯል፤ አፋችን ላይ ግን ያው ነው።

«የሸዋ» መባሉ ሁሌ ደስ ይለኛል። ምንም እንኳ የኛ ቤት ኩራዝ ላይ ብዙ ቢቆይም።

---

እትዬ ገብስ

እውነትህን ነው። እኔ አምፖል መጀመሪያ ያየሁት አዲስ አበባ ለሕክምና ስሄድ ነው። በእፍታ ላጠፋው ሞከርኩ፤ ነርሷ እጄን ይዛ ማብሪያና ማጥፊያውን አሳየችኝ። ያቺ ልጅ አልሳቀችብኝም። እስከዛሬ እመርቃታለሁ።

---

የበሬሳ ልጅ

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ለአክስቴ ልጅ አነበብኩላት። ጽሑፏ ውስጥ ማስገባት ፈልጋለች፤ ይፈቅዱላታል?

ባለ ፌዙ፣ ስለ አዳምስ ማመንጫ የጻፍከውን ተከትዬ አነበብኩ። ዋናው ቤት በ1961 እንደ ፈረንጅ ፈርሷል ለካ! ያ ሁሉ ድንጋይ። የተረፈው የትራንስፎርመር ቤቱና የመግቢያው ቅስት ነው። ቅስቱን ነቅለው ፏፏቴው አጠገብ ወዳለ ደሴት ወስደው ተከሉት። በር ብቻውን ሜዳ ላይ ቆሟል። ፎቶውን ሳየው አዘንኩ። የኛው አባ ሳሙኤል ቢያንስ ማሽኑም ውሃውም ቦታው ላይ ነው።

ውሃው ግን ያሳስበኛል። የአዲስ አበባ ወንዞች ቆሻሻውን ሁሉ ይዘው የሚገቡት እዚያ ሐይቅ ውስጥ ነው። እንቦጩ ፊቱን ሸፍኖታል። ደለሉም ከሥር እየሞላው ነው። ግድብ ላይ ደለል ሲሞላ ከፍታው አይቀንስም፤ ለበጋ የሚተኛው ውሃ ግን ይቀንሳል። ባለ ፌዙ ያለው «ሜዳው» እኮ ነው እየጠፋ ያለው። የማሽን እድሳት ብቻውን በቂ አይደለም። ከላይ ያለው ወንዝ ካልጸዳ፣ ዳገቱ ዛፍ ካልለበሰ፣ የታደሰው ማሽን ጭቃ ነው የሚጠብቀው።

---

እትዬ ገብስ

ትጻፈው ልጄ። ስሜን ግን ተይው በላት።

---

ባለ ፌዙ

የበሬሳ ልጅ፣ የደለሉን ነገር በትክክል ነው ያስቀመጥከው። አሁን አንድ የቤት ሥራ ልስጥህ። እናንተ ዘንድ የአያትህ የውሃ ወፍጮ አለ ብለህ ሌላ ጊዜ ነግረኸን ነበር። እሱም እኮ ማመንጫ ነው። ቦይ አለው፣ ውሃው የሚወርድበት አሸንዳ አለው፣ ከሥር የሚዞር ጎማ አለው፣ ቤት አለው። መብራት ብቻ ነው የጎደለው። ውሃውንና ከፍታውን ለካና ንገረን።

ውሃውን እንዲህ ለካ። ቦዩ ቀጥ ያለበት ቦታ ላይ ስፋቱንና ጥልቀቱን ውሰድ። ቅጠል ጣልና 5 ሜትር ለመሄድ ስንት ሴኮንድ እንደሚፈጅ ቁጠር። ላይ ላዩ ከሥሩ ስለሚፈጥን ካገኘኸው ፍጥነት 80 በመቶውን ብቻ ያዝ።

---

የበሬሳ ልጅ (ከ8 ቀን በኋላ)

ሄድኩ። የአክስቴን ልጅም ይዣት ሄድኩ። ቅዳሜ ጠዋት ውርጭ ነበረ፤ እጃችን ደንዝዞ ገመዱን መያዝ አቃተን።

ቦዩ 50 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አለው። ቅጠሏ 5 ሜትሩን በ10 ሴኮንድ ሄደች። ሦስት ጊዜ ደጋገምነው። ስለዚህ በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ነው፤ 80 በመቶው 40 ሴንቲ ሜትር። በስፋትና በጥልቀት ሲባዛ በሴኮንድ 40 ሊትር ሆነ። ከፍታውን በገመድ ለካን፤ ከአሸንዳው አናት እስከ ጎማው 4 ሜትር ተኩል።

ሂሳቡን ልጅቷ ሠራችው። 0.04 በ4.5 በ9.81፤ 1.77 ኪሎ ዋት ገደማ። ግማሹ ይባክናል ብለን ብንይዝ እንኳ ወደ 880 ዋት ይቀራል። 9 ዋት የሆነው አምፖል 97 ያበራል ማለት ነው። እዚያ ጎጥ ውስጥ ያለው ቤት 31 ነው። ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት።

ወፍጮ ቤቱንም በባለ ፌዙ ዓይን አየሁት። ልጅ ሆኜ ለምን ቤቱ ወንዙ ላይ ሳይሆን ከፍ ብሎ እንደተሠራ አይገባኝም ነበር። የክረምቱን ጎርፍ ምልክት ድንጋዩ ላይ አገኘሁት። ወለሉ ከምልክቱ አንድ ክንድ ያህል ብቻ ከፍ ይላል። አያቴ ንድፍ የሚባል ነገር አያውቁም ነበር፤ ወንዙን ግን ያውቁ ነበር።

---

መምህር ከሞላሌ

ጎበዝ! ልጅቷን ሳሙልኝ። ይህን ልኬት ተማሪዎቼ በኛ ወንዝ ላይ እንዲሠሩት አደርጋለሁ።

---

ባለ ፌዙ

ሂሳቧ ልክ ነው፤ አንድም ስህተት የለበትም። አሁን የለካችሁት ግን ገና ክረምቱ የወጣበትን ውሃ ነው። ያንኑ ቦይ፣ በዚያው ቦታ፣ በግንቦት መጨረሻ ለኩትና ጻፉልን። ቁጥሩን እጠብቃለሁ።